ዞሮ ዞሮ ከቤት

ለሩቅ ሰው የተላከ ደብዳቤ ቢዘገይ ሰበብ አያጣም። ባሕሩ፣ በረሃው፣ ሽፍታው፣ የበቅሎዋ እግር፣ ሁሉም ይከሰሳል። ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ ጓሮ ወዳለው ማድ ቤት የተላከ ደብዳቤ ሲጠፋ ግን ማን ይከሰስ? በአንድ ግቢ ውስጥ ምን ሽፍታ አለ?

እኛ የመተማና የቋራ ቆላ ሰዎች በደብዳቤ ጣጣ እንግዶች አይደለንም። ትልቁን የደብዳቤ ጣጣ ለዓለም ያሳዩት ሰው የወጡት ከዚሁ ነው። የቋራው ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ጻፉ። ደብዳቤው በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን በኩል ተልኮ በዚያው ዓመት በየካቲት ለንደን ገባ። በእግር፣ በበቅሎና በመርከብ አራት ወር ገደማ መሆኑ ነው፤ ለዚያ ዘመን ምስጋና የሚገባው ፍጥነት ነው። የመንገዱ ሰው ሥራውን ሠርቷል። ደብዳቤው የጠፋው ከደረሰ በኋላ፣ ወንበርና ጠረጴዛ በሞላበት፣ ጸሐፊ በማይቸግርበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። መዝገብ ቤት አስገቡትና ተኛ።

ንጉሡ ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ መልስ የለም። በ1856 ቆንስሉን አሰሩት፤ ለንደን የነቃችው ያኔ ነው። መልሱን እንዲያደርስ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ ላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ከዓመት በላይ ተጎልቶ፣ በመጨረሻ በከሰላ ዞሮ በኅዳር 1858 መተማ ገባ። እዚህም የንጉሡን አጃቢዎች ሲጠብቅ ከወር በላይ ተቀመጠ። ንጉሡ ፊት የቀረበው ጥር ላይ ነው። ቀጥሎ የሆነውን መቅደላ ይመስክር። የመተማ ሰው ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር በኩራት ሊናገር ይችላል፦ መልሱ ዘገየ እንጂ ሲመጣ የመጣው በእኛ በኩል ነው።

አፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 እዚሁ መተማ ላይ ከመውደቃቸው በፊት ለደርቡሹ አዛዥ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ያገኙት መልስ ስድብ ነው። እንግዲህ የላኩት ደብዳቤ መድረሱ ብቻውን ልብ አያሳርፍም ማለት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ቤት አቋቋሙ፤ በ1901 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤያችን ፓሪስም ቶኪዮም ይደርሳል። የሚደርሰው ግን ፖስታ ሣጥን ድረስ ነው። ቤት እያንኳኳ የሚያድል ፖስተኛ ስላለመድን ከሣጥኑ እስከ ደጃፍ ያለችውን የመጨረሻ መንገድ ለሰው ትተናታል፦ «እግረ መንገድህን እነ እገሌ ሱቅ ስጥልኝ፣ አደራ!» ይህች «እግረ መንገድህን» የምትባል መሥሪያ ቤት በጀት የላት፣ ሠራተኛ የላት፣ ዛሬም እንደቆመች ናት። ከጎንደር ወደ እኛው ገንዳ ውኃ በሚወርድ አውቶቡስ ላይ ሰነድ፣ መድኃኒት፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ያልተሸከመ ረዳት አይገኝም።

ኢሜይል ሲመጣ ይህች የመጨረሻ መንገድ የምትጠፋ መስሎን ነበር። እንዲያውም ኢሜይል የተወለደው ለቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በኔትወርክ የመጀመሪያውን ኢሜይል ሲልክ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች የቆሙት ጎን ለጎን ነበር። ተነስቶ በእጁ ቢያደርሰው ይፈጥንለት ነበር። በአገራችንም አዲስ አበባ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1980ዎቹ አጋማሽ ኢሜይል ሲያስጀምር፣ የተጻፈው ሁሉ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ተጠራቅሞ ያድርና በስልክ መስመር ከለንደን ጋር ተደዋውሎ የላከውን ሰጥቶ የመጣለትን ተቀብሎ ይዘጋ ነበር። ጥር 1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ራሱ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል።

የመጨረሻዋ መንገድ ግን አልጠፋችም፤ የአክስቴ ግቢ ምስክር ነው። አክስቴ የምትኖረው ገንዳ ውኃ ነው። ግቢው ረጅም ነው፤ ከመንገዱ ዳር ሱቁ፣ ከሱቁ ኋላ የሰሊጥ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑ ኋላ መኖሪያ ቤቱ፣ ጓሮ ማድ ቤቱ። ባለቤቷ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ጎንደር ኮምፒዩተር ሳይንስ ይማራል። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ልጁ አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ለቤቱ የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ማቆም። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም፣ ሱቁ ለመጋዘኑ፣ መጋዘኑ ለቤቱ፣ ቤቱ ለሱቁ በግቢው ዋይፋይ ይጻጻፋል።

«መጣራት አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሰሊጥ ነግዶ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። የሁመራ ጎንደር ሰሊጥ ዋጋ በጥቅምትና በኅዳር፣ አጨዳው አልቆ ኩንታሉ ከየማሳው መውረድ ሲጀምር፣ ጧትና ማታ አንድ አይሆንም። ሱቅ ቆሞ «ዛሬ በስንት እንግዛ?» ብሎ ወደ ጓሮ የተጣራ ነጋዴ፣ መልሱን ከእሱ ቀድሞ ሻጩ ይሰማዋል። በስልክስ? ጋሼ በስልክ ሲያወሩ ከጠረፉ ማዶ ገላባት ድረስ ይሰማሉ። የጽሑፍ መልእክት እንዳይልኩ ደግሞ ጣታቸው በአንዴ ሦስት ፊደል ትነካለች። ከሁሉም በላይ የሒሳብ ሠራተኛው የሚዛን ወረቀት በፎቶ ይፈልጋል። ስለዚህ ኢሜይሉ ቅብጠት አልነበረም።

ልጁ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር አምጥቶ መጋዘኑ ጥግ፣ ከኩንታሎቹ መካከል አቆመው። ሚያዝያ ላይ እዚህ አገር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ የሚያሰማውን ጩኸት የሰማ ሁሉ «ምን እየፈጫችሁ ነው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። በላዩ ሊኑክስ ጫነ፣ በሊኑክሱ ላይ ፖስትፊክስ የሚባለውን የደብዳቤ ማመላለሻ ፕሮግራም ጫነ። ፖስትፊክስን እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ሆላንዳዊው ቪትሰ ቬኔማ ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት፣ ዋጋውም ነጻ ነው፣ ነጻ ነገር ደግሞ የነጋዴ ቤት አይጠላም። ለማሽኑ «ጓንግ» የሚል ስም አወጣለት፣ በወንዛችን። ለቤቱ ኔትወርክ ደግሞ «ቤታችን» አለው። የማሽኑ ሙሉ ስም እንግዲህ «ጓንግ ነጥብ ቤታችን» ሆነ። ከዚያ ሙከራ ብሎ ለሁሉም አንድ ደብዳቤ ላከ። ለሁሉም ደረሰ። የሁሉንም አድራሻ በወረቀት አትሞ በየግድግዳው ለጥፎ፣ «ይሠራል!» ብሎ ጎንደር ሄደ።

እሱ ሲሄድ ነገሩ አብሮት ሄደ።

አክስቴ ለመጋዘኑ ጻፈች፤ አልደረሰም። ጋሼ ለሒሳብ ጻፉ፤ አልደረሰም። ሱቁ ለቤቱ ጻፈ፤ አልደረሰም። ልጁ ጋ ሲደወል መልሱ ባለሙያዎች ሁሉ የሚሰጡት መልስ ነው፦ «እኔ ጋ ይሠራል፣ አይቼዋለሁ።» ካለበት ሆኖ ገብቶ እንዳያየው ኢንተርኔት የለም። ኢንተርኔት ስለሌለ የቆመ ሰርቨር ነውና የሚጠገነውም ኢንተርኔት ሳይኖር ነው።

ቤተሰቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ አንድ ቀን አንዱ የልጁን የሙከራ ደብዳቤ ከፍቶ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ነካ። ደረሰ! ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ግቢ አዲስ ደብዳቤ የሚጀምር ሰው ጠፋ። የሚጻፈው ሁሉ ለዚያች ለሙከራዋ ደብዳቤ መልስ ሆኖ ነው። «መልስ፦ ሙከራ» የሚል ርእስ ይዞ የሰሊጥ ዋጋ ይመጣል። «መልስ፦ ሙከራ» የሚል ርእስ ይዞ «ሽንኩርት አልቋል» ይመጣል። ችግሩ ለሁሉም መልስ እስከሆነ ድረስ ለሁሉም መድረሱ ነው። ከሻጭ የተደበቀው የሰሊጥ ዋጋ ለማድ ቤቱ፣ ለዘበኛው ስልክና ለሱቁ ኮምፒዩተር እኩል ይደርስ ጀመር። ምስጢሩ እንደ ድሮው ከመጣራት ተረፈ እንጂ ከቤተሰቡ አልተረፈም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንየው፣ ምክንያቱም የሚያስቀው እዚያ ነው።

የኢሜይል ሰርቨሮች ሰላምታ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ፖስቴል የጻፈው ደንብ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም፣ እስከዛሬ የሚገዛቸው። መጪው መጀመሪያ ስሙን ጠርቶ «ሄሎ» ይላል። ተቀባዩ «250» ብሎ ይመልሳል፣ «እሺ» ማለቱ ነው። «ከእገሌ ነው የመጣሁ»፣ «250»። «ወደ እገሌ ነው የምሄድ»፣ «250»። ከዚያ ደብዳቤው ይነበባል፤ ማለቁ የሚታወቀው በአንድ መስመር ላይ ብቻዋን በቆመች ነጥብ ነው። ይሰነባበታሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናቡ መጠያየቅ የለም፤ የእኛን ሰላምታ ቢያስተምሯቸው በቀን አንድ ደብዳቤም አያደርሱም። ካልተስማሙ መልሱ በ4 ወይም በ5 ይጀምራል። በ4 ከጀመረ «አሁን አልተመቸኝም፣ ቆይተህ ሞክር» ነው፤ ፖስትፊክስ ካልተነገረው በቀር እስከ አምስት ቀን ድረስ እየተመላለሰ ይሞክራል። በ5 ከጀመረ «አይሆንም፣ አትድከም» ነው። እስካሁን በሄድኩባቸው ቢሮዎች በ5 የሚጀምር መልስ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ሁሉም በ4 ነው።

ሰላምታው ካለቀ በኋላ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ የሚያነሣው ጥያቄ መተማ ዮሐንስ የጠረፉ ድልድይ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ነው፦ «የወዲህ ነህ የወዲያ?» የወዲህ ከሆነ ሌላ ጣጣ የለም፣ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። የወዲያ ከሆነ ስሙ መዝገብ ላይ ይፈለጋል፣ አገሩ ይጣራል፣ ወደዚያው ይሸኛል። እዚህ ኬላ ላይ የቆመ ሰው የራሱን ሰው በመልክ ያውቃል፤ ጥያቄው ለወጉ ነው። ሰርቨር መልክ አያውቅም። የእኔ የሚላቸው ስሞች አንድ መስመር ላይ ተጽፈው ይሰጡታል፣ በፖስትፊክስ ቋንቋ ማይዴስቲኔሽን ይባላል። እዚያ መስመር ላይ ያለ ስም የወዲህ ነው። የሌለ ስም፣ ጎረቤት ይሁን፣ ወንድም ይሁን፣ ራሱ ይሁን፣ የወዲያ ነው።

ማንም ሳይነካው መስመሩ ላይ የሚገኘው የማሽኑ ሙሉ ስም ነው። ሙሉ ስሙ «ጓንግ ነጥብ ቤታችን» ነው ብለናል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አድራሻ ግን፣ ለዓይን ያምራል፣ ለመጻፍም ያጥራል ተብሎ፣ «ቤታችን» ላይ ያበቃል። አክስቴ ለመጋዘኑ ስትጽፍ ሰርቨሩ አድራሻውን ያያል። «ቤታችን? እኔ ጓንግ ነጥብ ቤታችን ነኝ። ቤታችን የሚባል አላውቅም፤ የወዲያ ሰው ነው» ይላል። መዝገብ ይገልጣል፣ «ቤታችን» የሚባለው የት እንዳለ ይጠይቃል፣ ቁጥሩ ይነገረዋል። ቁጥሩን ይዞ ሲሄድ ደጁ የራሱ ሆኖ ያገኘዋል። እዚህ ላይ ሰርቨሩ ይደነግጣል። ደብዳቤው ወደ ራሱ እየተመለሰ ሲሽከረከር እንዳይኖር ማኅተም መትቶ ለላኪው ይመልሰዋል። ሎግ በሚባለው የውሎ መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ቃል «ይህ ደብዳቤ ዞሮ ወደ እኔው ይመጣል» የሚል ነው። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ያሉ አባቶቻችን ይህን ሎግ አላዩም፤ ቢያዩት አይደንቃቸውም ነበር።

የልጁ ሙከራ ለምን ሠራ ቢባል፣ እሱ ደብዳቤውን የላከው ማሽኑ ላይ ተቀምጦ፣ ስም ብቻ ጽፎ ነው። ስም ብቻ ሲጻፍለት ሰርቨሩ የራሱን ሙሉ ስም ይቀጥልበታል። ለዚያች ደብዳቤ «መልስ» ሲባልም መልሱ የሚሄደው በሙሉው አድራሻ ነው። ለዚህ ነው መልስ ሁሉ የሚደርሰው፣ አዲስ ደብዳቤ ሁሉ የሚመለሰው። ግቢው ሳያውቀው መድኃኒቱን አግኝቶት ነበር፤ የበሽታውን ስም ብቻ ነው ያጣው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ደብዳቤዋ ሲመለስባት ይዞት የሚመጣው ማይለር ዴመን የሚባል ነው። ይህ ሰው አይደለም፤ ሰርቨሩ ራሱ ደብዳቤ ሲመልስ የሚፈርምበት ስም ነው። ለእሷ ይህን ማንም አልነገራትም። ከሱቅም፣ ከመጋዘንም፣ ከባሏም መልስ ባጣችበት ሰሞን ሳይታክት የሚጽፍላት ማይለር ብቻ ነበር። በሌሊትም ብትጽፍ ወዲያው ይመልሳል። በእንግሊዝኛ መጻፉ ትንሽ ቅር አሰኛት እንጂ ትጋቱን ወደደችው። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ዝም አይባልምና መልስ ትጽፍለት ጀመር።

ልጁ ለእረፍት ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው የታወቀ ነው። መጋዘን ገባ፣ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ፣ ስም ብቻ ጽፎ ሙከራ ላከ። ደረሰ። «ይኸው!» አለ። ጋሼ ምንም ሳይሉ ስልካቸውን አውጥተው ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት አድራሻውን እያዩ ጻፉ። ተመለሰ። «ይኸው!» አሉ እሳቸውም።

ልጁ ሎጉን ከፈተ። ሎግ ማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በተለይ የእኛ አገር ሎግ። ሰርቨሩ ከቀኑ 14 ሰዓት ከ5 ብሎ የጻፈውን ጋሼ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 ይሉታል፤ ሰርቨሩ 2024 ያለውን እሳቸው 2016 ይላሉ። መተማ ዮሐንስ ደርሶ የመጣ ስልክ ደግሞ የማዶውን ኔትወርክ ይዞ ከሆነ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይላል፣ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮ ሰዓቷን ከእኛ በአንድ ሰዓት አዘግይታለችና። ስለዚህ ከጠረፍ የተመለሰው ሹፌር አሁን የጻፈው ደብዳቤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የደረሰ ይመስላል። ልጁ ይህን ሁሉ ሲያስታርቅ ከረመና «ዞሮ ወደ እኔው ይመጣል» የምትለዋ መስመር ላይ ደረሰ። ያኔ የሩትን ሣጥን መክፈት እንዳለበት ገባው።

ሩት በሊኑክስ ዓለም የማሽኑ የበላይ አስተዳዳሪ ናት፤ ለአለቃ የሚጻፍ ማንኛውም አቤቱታ ለእሷ ይደርሳል። ልጁ «ሩት ሣጥን ውስጥ ብዙ ደብዳቤ አለ» ሲል የሰማችው አክስቴ ብቅ አለች።

«ሩት ደግሞ ማን ናት?»

«እማዬ፣ ሩት ሰው አይደለችም።»

«እንዲህ ነው የሚጀመረው» አለችና ገባች።

የሩት ሣጥን ተከፈተ። ዲስክ እየሞላ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ከመካከል ግን ረጃጅም ደብዳቤዎች፣ በጥሩ አማርኛ። ሁሉም «ለማይለር» ይላሉ። ለማይለር የተጻፈ ደብዳቤ ደንቡ ሲተላለፍ ሲተላለፍ ሩት ጋ የሚያርፍ ሆኖ ነው። የመጀመሪያው ጨዋ ነው፦ ለጤናህ እንዴት ነህ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ልጄ ደብዳቤዬን የምትመልስብኝ ምን አጥፍቼ ነው ይላል። ሁለተኛው ቁጣ አለው። ከዚያ ወዲህ ቁጣው እየበረደ ይሄዳል። ስለ ሙቀቱ ይወራል፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ይወራል፣ ልጄ ጎንደር ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ስልክ አይደውልም እንጂ ይላል። አንዱ የኅዳር ሚካኤል ዝክር ላይ ማይለርን ይጠራል። አንዱ ደግሞ የዘንድሮ ሰሊጥ በስንት ተገዝቶ በስንት እንደሚሸጥ በግልጽ ያስቀምጣል፣ ይህን ጋሼ እስከዛሬ አያውቁም።

ልጁ ደብዳቤዎቹን ዝም ብሎ አነበባቸው። ስልክ አይደውልም የሚለው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ የባለሙያነቱ ነገር ቀደመውና ከወንበሩ ብድግ አለ፦ እነዚህ ደብዳቤዎች እንዴት ደረሱ? ከግቢው ለግቢው የተላከ አዲስ ደብዳቤ አይደርስም ከተባለ የእናቱ እንዴት ደረሰ? ማይለር የሚፈርመው በሙሉ ስሙ ነው፤ «መልስ» ሲባል የሚሄደውም ወደ ሙሉ ስሙ ነው። ደብዳቤ ማድረሱ አልተበላሸም፤ አድራሻው ላይ ያለችው አጭር ስም ናት የወዲያ ሰው የተባለችው። ማይዴስቲኔሽን መስመር ላይ «ቤታችን» የምትል አንድ ቃል ጨመረ፣ ፖስትፊክስን መስመሩን እንደገና እንዲያነብ አዘዘው፣ አለቀ። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት እንዳለ ቀረ።

ሁሉም ጻፈ፤ ለሁሉም ደረሰ። ለሒሳብ ብቻ አልደረሰም።

እዚህ ላይ የተቆጡት ጋሼ ናቸው፣ ከሁሉ የሚፈልጉት እሱን ነዋ። ሰርቨሩ በዚህ ጊዜ «550» አለ፤ በ5 የሚጀምር፣ ቁርጡን የተናገረ መልስ፦ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም። ነገሩ ልጁ አድራሻዎቹን በራሳችን ፊደል ማድረጉ ነው። ይህ ድሮ አይቻልም ነበር፤ ከአት ምልክቱ በስተግራ ላቲን ያልሆነ ፊደል እንዲጻፍ የሚፈቅደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ ፖስትፊክስም ከ2015 ወዲህ ይቀበለዋል። ልጁ ኮርቶ «ሒሳብ» ብሎ መዘገበው። ጋሼ «ሂሳብ» ብለው ይጽፋሉ። ሱቁ «ሐሳብ» ብሎ በስህተት ጽፎ አንድ ቀን ሲከራከር ውሏል። የመጋዘኑ ሰው «ኂሳብ» ይላል፣ የቄስ ትምህርት ስላለበት። ለጆሮ አንድ የሆነው ሀ፣ ሐ እና ኀ ለሰርቨር ሦስት ሰው ነው። ሰሊጡም በ«ሰ» ይሁን በ«ሠ» ሳይስማሙበት ስንት ዘመን ሸጠውታል፤ ሰርቨሩ ግን በዚህ ቀልድ አያውቅም። ልጁ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለመወሰን ከመጋዘኑ ሰው ጋር አንድ ከሰዓት ተከራክሮ ሲሸነፍ፣ የቅጽል ስም ሰንጠረዡን ከፍቶ ሦስቱንም ወደ አንድ ሣጥን አዞራቸው። «ሐሳብ»ንም ጨመረላቸው፣ ለሱቁ ሲል።

አሁን ሁሉም ይደርሳል። የሰሊጥ ዋጋ ለሚመለከተው ብቻ ይሄዳል፣ ሽንኩርቱ ለማድ ቤት። ቅር የተሰኘችው አክስቴ ናት። ደብዳቤ መመለስ ስለቀረ ማይለርም መጻፍ አቆመ።

«ያ ልጅ ምን ሆኖ ነው ድምፁ የጠፋ?» ብላ ጠየቀች።

ልጁ ሊያስረዳት ጀምሮ ተወው። «ሥራውን ጨርሶ ነው» አላት።

«ታዲያ እንዲሁ ይሸኛል? ስንት ሌሊት ሲደክም ኖሮ? ሰሊጥ ስፈሩለት።»

ሰሊጡ ተሰፍሮ በፌስታል ታሰረ። ለማይለር አደርሳለሁ ብሎ ልጁ ጎንደር ይዞት ሄደ፤ የት እንዳደረሰው አልጠየቅነውም። በዚያው ቀን ከጋሼ ስልክ፣ በ«ሂ» የተጻፈች ደብዳቤ ያለምንም እንከን ለሒሳብ ሠራተኛው ደረሰች፦ «ለማይለር ስለ ድካሙ ሰሊጥ አንድ ቁና ተሰጥቷል፣ በወጪ ይመዝገብ።»

የሒሳብ ሠራተኛው ለሁሉም መልስ ሰጠ፦ «የማይለር ሙሉ ስም፣ ቲን ነምበርና ደረሰኝ ይላክልኝ።»